ከመጨረሻው ተራ ስለ ተነሣው የበረዶ ሆኪ ቡድን



ዛሬ የማወራላችሁ በአገራችን ስለማይደረግ ጨዋታ ነው። በረዶ ሜዳ ላይ ረግቶ በማይከርምበት አገር የተወለደ ሰው ስለ በረዶ ሆኪ ምን አገባው የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የገናን ጨዋታ መስክ ላይ ቆሞ ያየ፤ ይልቁንም ቆልማማውን ዱላ ይዞ ሩር ሲያባርር ቅልጥሙን የተመታ ሰው፤ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፤ በዚያ መስኩ የረጋ በረዶ፤ ጫማው ከሥሩ ስለታም ብረት ያለው፤ ሩሩም መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ መሆኑ ነው። ከየወገኑ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በረኛ ነው። ሩጫው እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ከበረኛው በቀር ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው እየወጣ በሌላ ይተካል። ይህን ያህል ካወቅን ለዛሬ ይበቃናል።

በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሴንት ሉዊስ የምትባል ከተማ አለች። የበረዶ ሆኪ ቡድንዋ ስም ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ይባላል። ብሉዝ ጥቁሮች አሜሪካውያን ያፈለቁት፤ እኛ እንጉርጉሮ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ የኀዘን ዜማ ነው። ቡድኑ ይህን ስም ያገኘው ደብልዩ ሲ ሃንዲ የተባለው የዜማ ደራሲ በ1914 ዓ.ም. ካሳተመው፤ በከተማዪቱ ስም ከሚጠራው ዜማ ነው። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስም ይመራል እንደሚባለው፤ የቡድኑም ታሪክ ለብዙ ዘመን እንጉርጉሮ ሆኖ ኖረ። በ1967 ተቋቁሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት፤ ይኸውም በ1968፤ በ1969ና በ1970፤ ስታንሊ ካፕ ለሚባለው ታላቅ ዋንጫ መጨረሻ ግጥሚያ ደረሰ። በሦስቱም ዓመት አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም ተሸነፈ። ዐሥራ ሁለት ጨዋታ፤ ዐሥራ ሁለት ሽንፈት! የመጨረሻውን ጎል ያገባበት የቦስተኑ ቦቢ ኦር ነበር፤ ኦር ጎሉን አግብቶ ባየር ላይ እንደ ወፍ ተዘርግቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ በዓለም የታወቀ ነው፤ በቦስተን ስታዲዮም ደጃፍም በዚያው አኳኋን ሐውልት ሆኖ ቆሞአል። ከዚያ ወዲያ ሴንት ሉዊስ ለ49 ዓመታት እዚያ ደረጃ ሳትደርስ ቀረች። በ2016 ደግሞ የከተማዪቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እንግዲህ ሰዉ በሆኪው ቡድን ላይ የጣለው ተስፋ ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የ2018–19 የውድድር ዘመን ሲጀመር ብዙ ተጠብቆ ነበር፤ ራያን ኦራይሊን የመሰለ ዐዋቂ ተጫዋች ከቡፋሎ መጥቶአልና። ነገር ግን ሳይሆን ቀረ። ኖቬምበር 19 ቀን አሠልጣኙ ማይክ ዮ ተሰናበተ፤ ረዳቱ ክሬግ ቤሩቤም በጊዜያዊነት ተተካ። ቤሩቤ በተጫዋችነቱ ዘመን ከ1,000 በላይ ጨዋታዎች ያደረገ፤ በጥበቡ ሳይሆን በጡጫው የታወቀ ሰው ነበረ። እርሱም ከመጣ በኋላ ነገሩ ወዲያው አልተቃናም። እንዲያውም ዲሴምበር 10 ቀን በልምምድ ላይ ሳሉ ሮበርት ቦርቱዞና ዛክ ሳንፎርድ የሚባሉ የአንድ ቡድን ልጆች በጡጫ ተማቱ። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ስሞች አትርሳብኝ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ማለዳ፤ ከሊጉ 31 ቡድኖች መካከል ሴንት ሉዊስ በ34 ነጥብ የመጨረሻው ነበረ። ጨዋታው ለአንድ ቡድን 82 ሲሆን 37ቱ አልፎ ነበር። በላስ ቬጋስ የቁማር ቤቶች ይህ ቡድን ዋንጫ ይወስዳል ብሎ አንድ ብር ላስያዘ 250 እንሰጣለን ይሉ ነበር። አንድ የሴንት ሉዊስ ሰው 400 ዶላር አስይዞ በኋላ 100,000 ዶላር ተቀበለ፤ ይህን ለወሬ ያህል ነገርኳችሁ እንጂ ቁማርን ላበረታታ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ለውጥ ሲነገር ብዙዎች የሚያነሡት በረኛውን ጆርዳን ቢኒንግተንን ነው። ይህ የካናዳ ልጅ በ2011 በቡድኑ ተመርጦ ሳለ እስከ 25 ዓመቱ ድረስ በታችኛው ሊግ ሲንከራተት ኖሮአል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትማ ለቦስተን ታዳጊ ቡድን በውሰት ተሰጥቶ ነበር! ጃንዋሪ 7 ቀን ፊላደልፊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ተሰልፎ አንድ ጎል ሳያስገባ ወጣ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ 11 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከቀሩት 45 ጨዋታዎችም 65 ነጥብ ሰብስቦ በ99 ነጥብ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ።

በረኛው ባይኖር ይህ ሁሉ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሆኖም የዚያ ቡድን ልብ በእውነት የታየው፤ እንደ እኔ አሳብ፤ በሜይ 15 ቀን ማታ ነው። በጥሎ ማለፉ ዋንጫ ለመውሰድ አራት ባላጋራዎችን በየተራ፤ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ዊኒፔግን በስድስተኛው ጨዋታ፤ ዳላስን በሰባተኛው አሰናበቱ፤ ዳላስን የጣለችው ጎል በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት በሴንት ሉዊሱ ተወላጅ በፓት ማሩን የገባች ናት፤ እርሱም ለልጁ ቅርብ ለመሆን ሲል ለአንድ ዓመት ብቻ የተዋዋለ አባት ነበረ። ሦስተኛው ባላጋራ ሳን ሆዜ ነበር። አንድ ለአንድ ከተለያዩ በኋላ በሴንት ሉዊስ በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ አራት ለአራት ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። በዚህ ጊዜ የሳን ሆዜው ቲሞ ማየር ጎማዋን በእጁ መታት፤ ለጓደኛው ደረሰች፤ ወዲያውም ኤሪክ ካርልሰን አገባት። በእጅ ማቀበል ጨዋታውን የሚያስቆም ጥፋት ነው። አራቱም ዳኞች አላዩም፤ የዚያ ጊዜው ደንብም እንዲህ ያለውን ነገር በፊልም መርምሮ ለማረም አይፈቅድም ነበር። ጎሉ ጸደቀ፤ ጨዋታው አበቃ።

እስቲ በእነርሱ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ሃምሳ ዓመት ያህል የተጠበቀ ነገር ነው፤ የተበደሉትም በገዛ ቤታቸው፤ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ነው። ለወራት የሚበቃ እሮሮ ነበራቸው፤ ቢያሰሙትም የሚነቅፋቸው አልነበረም። ቤሩቤ ግን ተጫዋቾቹን ወደሚቀጥለው ጨዋታ ብቻ እንዲያስቡ አደረገ። አራተኛውን 2 ለ1፤ አምስተኛውን 5 ለ0፤ ስድስተኛውን 5 ለ1 አሸነፉ፤ ሳን ሆዜ ከዚያ ወዲያ አንድም አልረታም። ደንቡ በዚያው ዓመት ተሻሽሎ እንዲህ ያለው ነገር በፊልም እንዲመረመር ተፈቀደ፤ ይህም የሆነው እነርሱ ፍርዱን በእግራቸው ካስለወጡት በኋላ ነው።

በመጨረሻው ግጥሚያ የቆየው ባላጋራ ቦስተን ቆሞ ጠበቃቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ፤ ከድሮው ጋር ሲደመር 13 ሆነ። በሁለተኛው ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት ላይ ካርል ጉናርሰን አግብቶ፤ ቡድኑ በታሪኩ የመጀመሪያውን የመጨረሻ ግጥሚያ ድል አገኘ። ሦስተኛውን በሜዳቸው 7 ለ2 ተረቱ፤ ቢኒንግተንም ከበሩ ወጣ። አራተኛውንና አምስተኛውን ግን ረቱ። ስድስተኛው በሴንት ሉዊስ ሲሆን ከተማዪቱ ለደስታ ተሰናድታ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጋዜጣ የእንኳን ደስ ያላችሁ ማስታወቂያ ከጨዋታው በፊት አምልጦት ወጣ። የእኛ የጋዜጣና የሬዲዮ ሰዎች ጥድፊያ መቼም የታወቀ ነው። 5 ለ1 ተሸነፉ።

ጁን 12 ቀን 2019 ሰባተኛው ጨዋታ በቦስተን ተደረገ። በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ቦስተን 12 ጊዜ፤ ሴንት ሉዊስ 4 ጊዜ ብቻ ወደ ጎል መቱ። ከአራቱ ግን ሁለቱ ገቡ፤ አንዱ የኦራይሊ፤ ሁለተኛውም ስምንት ሰከንድ ሲቀር የአለቃው የፒየትራንጄሎ። ቢኒንግተን በዚያ ማታ 32 ኳስ መልሶ አንድ ብቻ አለፈው። ውጤቱ 4 ለ1 ሆነ። አራተኛውን ጎል ያስቈጠረው ሳንፎርድ ነው፤ በሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ የሴንት ሉዊስን የመጀመሪያ ጎል ያገባው ቦርቱዞ ነበረ። በዲሴምበር የተማቱት ሁለቱ ልጆች ስማቸው ዛሬ በአንድ የብር ዋንጫ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ከሦስት ቀን በኋላ በሴንት ሉዊስ ማርኬት በተባለው ጎዳና ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። በሰልፉ ከነበሩት አንዱ ቦብ ፕላገር ነው፤ በ1967 ቡድኑ ሲቋቋም ከተጫወቱት፤ በሦስቱም መጨረሻ ግጥሚያዎች ከተሸነፉት መካከል ነበረ። ይህን ሰልፍ ሲመኝ 52 ዓመት ቆይቶ ነበር። በ2021 ዐረፈ፤ ዋንጫውን ግን በዓይኑ አይቶታል።