ሳይንስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

(ከማኅበራችን አባላት አንዷ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ቡና ስንጠጣ አንዲት እናታችን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ ኬሚስትሪ ካልተማርኩ ትላለች። አንቺ ተምረሽዋል፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያበላል ወይ?» አሉኝ። ልጆቻችን የትምህርት መስክ የሚመርጡበት ጊዜ ስለደረሰ፣ ለእሳቸው የሰጠሁትን መልስ ለሁላችሁም ልናገር።

ዲግሪው ብቻውን አያበላም። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው።

እኔ የተማርኩት ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ በተወሰነበት ዘመን ነው። አሠራሩ ሲጀመር አገሪቱ የሳይንስ ባለሙያ ያስፈልጋታል ተብሎ ነበር። እውነትም ያስፈልጋታል። ነገር ግን መፈለግና መቀጠር ለየቅል ናቸው። ስመረቅ እንደኔ ኬሚስትሪ የተማረው ብዙ ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ግን የሚፈለገው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። እናቴ በእቁብ ብር አስተምራኝ፣ እኔ ተመልሼ ከእሷ ጋር እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አደርስ ነበር። መጋገሩ አላሳፈረኝም። ያመመኝ ጎረቤት «ልጅሽ ገና አልተቀጠረችም?» ባለ ቁጥር እናቴ አንገቷን መድፋቷ ነው።

በመጨረሻ አንድ ፋብሪካ ለፈተና ጠራኝ። ፈተናው በወረቀት አልነበረም። ጠርሙስ ሰጥተው «የአሲዱን መጠን ለክተሽ አሳዪን» አሉኝ። ስንማር አንድ ዕቃ ለብዙ ተማሪ ስለነበር እኔ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ነበርኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ አንድ የቀድሞ መምህሬን ለምኜ፣ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ እጄን አሠለጠንኩ። በሌላ ፋብሪካ ስፈተን አለፍኩ። ዛሬ በጥራት መቆጣጠሪያ ክፍል እሠራለሁ። ሀብታም አልሆንኩም፤ የቤት ኪራይ ግን ከፍዬ እናቴን እጦራለሁ።

«ታዲያ ልጆቻችን ይቅርባቸው?» ትሉኝ ይሆናል። አይቅርባቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምርምራቸው የተነሣው ከዚያ ነው። እናቶቻችን እንደ ሳሙና የሚያውቁት እንዶድ የዓለምን ትኩረት ሳበ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት ግን በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ 25 ዓመት አለ።

የፍኖተ ሰላሟ ዶክተር ሰገነት ቀለሙም በ2014 እ.ኤ.አ. ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተቀብለዋል፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም መርተዋል። ስማቸውን ስሰማ ልቤ ይሞላል። ሆኖም በአንዲት ሴት ስኬት ብቻ ተማምነን ልጆቻችንን አንልክም። ሳይንስ ፍሬው የሚዘገይ ዛፍ ነው፤ እስኪያፈራ ለመጠበቅ ስንቅ ያስፈልጋል። ስንቅ ያላት ትደርሳለች፤ የሌላት ከመንገድ ትመለሳለች።

ስለዚህ ልጃችሁ ሳይንስ ልማር ስትል «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በዚህ ሙያ በአካባቢያችን ማን ይቀጥራል? ውኃ አገልግሎት፣ ምግብና መድኃኒት ፋብሪካ፣ ቆዳና ጨርቃ ጨርቅ፣ ትምህርት ቤት፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ገና ተማሪ ሳለች እጇን የምታለማምድበት ቦታ አላት? ከዲግሪው ጋር ኮምፒውተርና እንግሊዝኛስ ይዛለች? ሦስተኛ፣ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ፍለጋ የምትቆይበትን ጊዜ በምን ታልፈዋለች? ሌላው መስክም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ የሕክምና ምሩቃን እንኳ ሥራ ሲጠብቁ አይተናል።

ሦስተኛው ጥያቄ የማኅበራችንም ነው። ደጋፊዎቻችን ለደብተርና ለዩኒፎርም ስለምትሰጡን እናመሰግናለን። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚወድቁት ግን ከምረቃ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ነው። ከቁጠባችን ለዚያ ዓመት የሚሆን ጥቂት ብር ለይተን እንድናስቀምጥ፣ ደጋፊዎቻችንም እንድታግዙን እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ አለቆቼን ለምኜ፣ በየክረምቱ አንዲት ልጅ አጠገቤ ሆና እንድትለማመድ ለማድረግ ቃል እገባለሁ።

እናታችን፣ መልሴ ይህ ነው፦ ልጅዎ ኬሚስትሪ ትማር፤ ስንቋን ግን አብረን እንቋጥርላት።