ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም
(በዓለም ጤና በተደረገው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ያሰማችው ንግግር)



ሊቀመንበራችን ስለማይፈለጉ የስልክ ጥሪዎች እንድናገር ስትጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሽንኩርት እየለቀምኩ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ አነሳሁት። «እናቴ እንዴት ዋልሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለ። ድምፁ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው። በስህተት 4,500 ብር ወደ አንቺ ስልክ ልኬአለሁ፣ የእናቴ መድኃኒት መግዣ ነው፣ እባክሽ መልሺልኝ አለኝ። ወዲያው «4,500 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት መጣ። የብሩን መጠን አየሁ እንጂ መልእክቱ ከማን እንደተላከ አላየሁም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው። ያኛው የመጣው እንደ እናንተና እንደ እኔ ካለ ተራ የ09 ቁጥር ነበር። ሒሳቤን ሳላይ ላኩለት። የላኩት ገንዘብም የእኔ አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ከእናንተ የሰበሰብኩት ቁጠባ ነው።

ማታ ደብተሩን ሳወራርድ ነው የገባኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም። በማግስቱ ለኮሚቴው ተናገርኩ፣ በአምስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ደብተሩ ላይ አለ፣ ማየት የምትፈልግ ትየው።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ገንዘቡ አይደለም። በዚያ ጥሪ መሀል ሦስት ጊዜ ያህል ልቤ «ዝጊው» ብሎኛል። ያልዘጋሁት ስላፈርኩ ነው። ሰው «እናቴ» እያለሽ፣ ስለ ልጆችሽ እየጠየቀሽ፣ እንዴት ጆሮው ላይ ትዘጊያለሽ? ያደግነው እንደዚያ አይደለም። ልጁ ይህን ያውቃል። በኦሮምኛ የሚደውለውም «አዮ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ማንበብና መጻፍ የምችል፣ ሒሳብ የምይዝ ሴት ነኝ፤ አላዋቂነቴን አላገኘም፣ ያገኘው አስተዳደጌን ነው።

ደዋዮቹ ሁሉ ሌቦች አይደሉም፤ እሱን ልለይ። አንዳንዶቹ ሻጮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ደውለው አፓርታማ በቅድሚያ ክፍያ ግዙ የሚሉ ልጆች አሉ። አንዷ አባላችን የጭቃ ቤቷን ግድግዳ እየመረገች ሳለ ደውለውላት «ባለ ሁለት መኝታ ይሁን ባለ ሦስት?» አሏት። «መጀመሪያ ይህን ምረጉልኝ» ብላ ዘጋች። እነዚያ ልጆች የሚኖሩት በኮሚሽን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ለእነሱ «አልፈልግም፣ ቁጥሬን ሰርዙልኝ» ማለት ይበቃል። ደግመው ከደወሉ ቁጥሩን «አታንሺ» ብላችሁ መዝግቡት። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁ ሦስት ኮከብ ያድርጉበት፤ ኮከብ ከመጣ አይነሳም።

ሌላው በአጭር ቁጥር የሚመጣው መልእክት ነው፦ ጥያቄ መልሱና ተሸለሙ፣ ጥቅስ እንላክላችሁ የሚለው። አንዴ ከገቡበት በየቀኑ ከሒሳብ ይቆረጣል። ካርድ በሞላችሁ ማግስት *804# ብላችሁ ስታዩ ሳትደውሉ ያለቀ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። መልእክቱ ወደመጣበት አጭር ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መመለስ ነው። ካልቆመ ወደ 994 ደውሉ፤ የሳፋሪኮም ተጠቃሚዎች 700።

ወደ ሌቦቹ ስመለስ፣ ስለ እነሱ የሚሰጠን ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የማታውቁትን ቁጥር አታንሱ። በአንድ ሥልጠና ላይ ይህንኑ ሲነግሩን እጄን አውጥቼ መጠየቅ አማረኝ። የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሲደውል በየትኛው ቁጥር ነው የሚደውለው? ዛሬ በራሱ፣ ነገ በሾፌሩ፣ ከነገ ወዲያ በደላላው ስልክ ነው። ያንን ሳናነሳ ብንቀር መኪናው መቂ ሄዶ ይጭናል። ዕቃው ደግሞ ለአንድ ሳምንት አይጠብቅም፣ ቲማቲም ነው።

ልጆቻችንስ? እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ዓረብ አገር ልጅ ያላት ብዙ ናት። ልጅቷ በአሠሪዋ ስልክ፣ በጓደኛዋ ስልክ፣ ባገኘችው ትደውላለች። ከውጭ አገር አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ስልክ ሲመጣ ምን ይሰማሽ ይሆን? አንዲት እናት «ልጄ ምን ሆና ነው?» ብላ መልሳ ደወለች። ሙዚቃ የመሰለ ነገር እየሰማች ቆየች፣ 50 ብር ካርዷ አለቀ። ይህን ተንኮል ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ አንዴ ጠርቶ መቁረጥ ማለት ነው። ሆን ብለው ይቆርጡታል፣ እናንተ መልሳችሁ ስትደውሉ በዓለም አቀፍ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ላይ ድርሻ ይደርሳቸዋል። በሺህ ለሚቆጠር ሰው የሚጠራው ማሽን ነው፤ ልጃችሁ የት እንዳለች አያውቅም። ስለዚህ መነሻ ቁጥሩን እዩ። ሳዑዲ 966፣ ዱባይ 971፣ ቤሩት 961 ነው። ልጃችሁ ካለችበት ካልሆነ ተዉት። ከሆነም መልሳችሁ በመደወል ፈንታ በኢሞ ጠይቋት፤ ቸግሯት ከሆነ ደግማ ትደውላለች።

እንግዲህ ስልክ አለማንሳት ለእኛ አይሆንም። እናነሳለን። ግን ካነሳን በኋላ የምንሰጠው ነገር የለም፤ የምስጢር ቁጥር ቢሆን፣ በመልእክት የመጣ ኮድ ቢሆን፣ ገንዘብም ቢሆን። የቴሌ ወይም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ካለ «እሺ፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ» በሉትና ዝጉ። ከዚያ በ994 ጠይቁ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በ951። ዕጣ ወጥቶልሻል ካለ፣ ሳይቆረጥ የሚወጣ ሎተሪ የለም። ገንዘብ በስህተት ልኬአለሁ ካለ በ*127# ሒሳባችሁን እዩ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም እናንተ አትመልሱት፤ ላኪው በ994 ያመልክት፣ እነሱ ያስተካክሉት። ቸኩሉ የሚል ሁሉ ያስቆመኛል፤ እውነተኛ ጉዳይ ቡና አፍልቼ እስክጠጣ ይጠብቀኛል።

አንዳንድ አገሮች የሻጮችን ጥሪ በመዝገብ ይከለክላሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2003 «አትደውሉልኝ» የሚል መዝገብ ከፈቱ፤ ሕንዶችም ለዚሁ 1909 የሚባል ቁጥር አላቸው። ጥሩ ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚያየው ሕግ የሚያከብር ሻጭ ነው፣ ሌባ መዝገብ አያገላብጥም። በእኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእንዲህ ያለ መንገድ ማታለልን ያስቀጣል። ስለዚህ የተታለለች ሁሉ መልእክቱን ሳታጠፋ ፖሊስ ጋ ትሂድ። እኔ አፍሬ አጠፋሁት፤ ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ለእንግዶቻችን ጭምር ነው፣ ቅር አይበላችሁ። ቁጥራችንን ከየት ነው የሚያገኙት? በየሥልጠናው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ ብለን እንሞላለን። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ያድራል። የሠላሳ ሴት ቁጥር፣ ከነስሟና ከነሰፈሯ! ያ ልጅ ከዚያ አገኘው አልልም፣ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ለሌላ እንዳይውል ይላል፤ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚረዱን ድርጅቶች ስንት ሴት እንደመጣች ማወቃቸው ተገቢ ነው። ለዚያ ፊርማችን ይበቃል። ስልካችንን የፈለገ ጸሐፊያችንን ይጠይቅ፣ እሷም ባለቤቷን ጠይቃ ትስጥ።

የዛሬው መፈረሚያ እየዞረ ነው፤ የስልኩን ረድፍ ባዶ ተዉት፣ ሊቀመንበራችን ፈቅዳለች። ቡናው እስኪደርስ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዷ ደዋይ፣ አንዷ ተቀባይ። ደዋይዋ «እናቴ» እያለች ታባብል፣ ተቀባይዋ ሳትሳደብና ሳታፍር ትዝጋ። እኔ ከአቦል በፊት አሥር ጊዜ እዘጋለሁ፤ ማን ይደውልልኛል?