ሳይቃጠል በቅጠል፤ የኮምፒዩተርን ጽሑፍ ስለ መጠበቅ



በየቤታችን በሚገኘው ኮምፒዩተር ውስጥ የወላጆቻችን ፎቶግራፍ፥ የቤት ካርታችን ቅጂና የትምህርት ማስረጃችን ተከማችቶ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚያርፍበት ሃርድ ዲስክ ግን፥ እንደ ማናቸውም የሰው እጅ ሥራ፥ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም።

በ1988 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ስለማሠራት ጽሑፍ አቀረቡ። ብልሃቱም ሬይድ ተባለ። ከዓይነቶቹ ዜሮ የሚባለው፥ ሥራን ለማፍጠን ሲል ጽሑፉን በዲስኮቹ ላይ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ፥ አንዱ ቢበላሽ ሁሉ ይጠፋል። አንድ የሚባለው ግን የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ላይ እንደ መስተዋት ስለሚደግም፥ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ነገር ግን መስተዋት መልካሙንም ክፉውንም እኩል ያሳያል። በስሕተት የተደመሰሰ ጽሑፍ ከሁለቱም ዲስክ ባንድ ጊዜ ይደመሰሳል፤ ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሁለት ዲስክ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው፥ ሁለተኛውን መስተዋት ከማድረግ ይልቅ፥ በየሳምንቱ ግልባጭ ወስዶበት፥ ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ በታመነ ዘመድ ቤት ቢያኖረው ይሻላል። ግልባጩ በእርግጥ የሚከፈት መሆኑንም አልፎ አልፎ መመርመር ይገባል።

የዲስክ ዋጋ ይተካል፤ ያረፈ አባት ግን ዳግመኛ ፎቶግራፍ አይነሣም።