የክፍል ጸጥታ ከወዴት ይመጣል?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ መራዊ የሚወስደውን ዋና መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ መሸንቲ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ ያለው ገበሬ በቆሎና ዳጉሣ፥ ጤፍም የሚያመርት ነው። ልጆቹም ከትምህርት በፊትና በኋላ ከብት የሚጠብቁ፥ ውሃ የሚቀዱ፥ በአጨዳ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋራ ወደ እርሻ የሚወርዱ ናቸው። ዛሬ በሐሳባችን ወደ መሸንቲ፥ ወይም እርስዋን ወደሚመስሉት ከተሞች ሄደን፥ ለልምምድ የተላከ አንድ እጩ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥመውን እንመለከታለን። ስሙን አንጠራውም፤ በየዓመቱ ከመምህራን ኮሌጆች ወደየትምህርት ቤቱ የሚላኩት ወጣቶች ሁሉ ምሳሌ ነውና።

ይህ ወጣት ሒሳቡን ያውቃል፤ ሰዋስዉን ያውቃል፤ ስለ ሕፃናት አእምሮ ዕድገት የተጻፈውንም አጥንቶ ፈተናውን አልፎአል። ነገር ግን ስድሳ ያህል ሕፃናት በአንድ ጊዜ ቀና ብለው ሲመለከቱት ያነበበው ሁሉ ከአእምሮው የሚጠፋ ይመስለዋል። በአምስተኛው ደቂቃ ከኋላ መቀመጫ ሹክሹክታ ይሰማል፤ በዐሥረኛው ደቂቃ ሹክሹክታው ጫጫታ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሦስት ፈተናዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው ከልጆቹ በላይ መጮኽ ነው። ሁለተኛው ልምጭ ማንሣት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰሌዳውን በጽሑፍ ሞልቶ «ገልብጡ» ማለት ነው። ሦስቱም ለጊዜው ጸጥታ ያመጣሉ፤ አንዳቸውም ግን ትምህርት አያመጡም።

ስለ ልምጩ በመጀመሪያ ግልጽ የሆነውን እንናገር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጎአል። ስለዚህ ነገሩ የአስተያየት ልዩነት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ እጩውን መምህር «አትምታ» ብሎ መክሮ ብቻ መላክ፥ አንድን ሰው መቅዘፊያውን ነጥቆ በታንኳ እንደ መላክ ነው። በልምጩ ፈንታ በእጁ የሚይዘውን ሌላ ብልሃት ልንሰጠው ይገባል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ብልሃት ነው።

ብልሃቱን ለመረዳት በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሥርዓትን ከዝምታ ጋራ አንድ አድርጎ ማየት ነው። በጎጃምና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ያለውን የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ ለእንግዳ ጆሮ ጩኸት ብቻ ነው። የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዲት ቃል የሳተውን ልጅ ለይተው ያቃናሉ። ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም፤ የቀደመው ልጅ ኋለኛውን ያስጠናል። እንዲህ ያለውን አሠራር በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን ለድኾች ልጆች በከፈተው ትምህርት ቤት ሲያስፋፋው አውሮፓ እንደ አዲስ ጥበብ አደነቀው። በእኛ ዘንድ ግን በየደብሩ የነበረ ነገር ነው። አለንጋውም አብሮ እንደነበረ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ያን ሁሉ ልጅ በሥራ ላይ ያቆየው አለንጋው ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚሠራው የታወቀ ሥራ ስለነበረውና የመምህሩ ጆሮ በሁሉ ላይ ስለነበረ ነው።

ይህንኑ የዘመኑ ጥናትም ደርሶበታል። ጄኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በክፍል ውስጥ የተቀረጹ ምስሎችን መርምሮ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በመጽሐፍ አወጣ። ኩኒን ልጅ ካጠፋ በኋላ መምህሩ የሚወስደው እርምጃ ጎበዙን ክፍል ያዥ ከደካማው የማይለየው ሆኖ አገኘው። የሚለያቸው ጥፋቱ ሳይደርስ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ይኸውም በክፍሉ የሚሆነውን ሁሉ ማየታቸውን ልጆቹ እንዲያውቁ ማድረግ፥ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መከታተል፥ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያለ መንጓተት መሸጋገር ነው።

እንግዲህ እጩው መምህር ይህን በተግባር እንዴት ያውለዋል? አንድ የሒሳብ ትምህርት እንውሰድ። የዕለቱ ትምህርት 14 እና 8ን መደመር፥ ጊዜውም 40 ደቂቃ ይሁን። ያልተዘጋጀ መምህር ሰሌዳው ላይ ጽፎ መልሱን ያሳያል፤ ከዚያም «ገባችሁ?» ሲል ልጆቹ ሁሉ «አዎ!» ይላሉ። የተዘጋጀው ግን በዋዜማው ጭራሮ ሰብስቦ ዐሥር ዐሥሩን በልጥ አስሮአል። አምስት ደቂቃ ያለፈውን ያስከልሳል፤ ዐሥር ደቂቃ አንድ እስርና አራት ነጠላ ጭራሮ ይዞ፥ ስምንት ሲጨመርበት አሥራ ሁለቱ ነጠላዎች ሌላ አንድ እስርና ሁለት ነጠላ እንደሚሆኑ ያሳያል። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ራሳቸው ይሠራሉ፤ ሰባት ደቂቃ ያርማል፤ በቀረው ሦስት ደቂቃ ጭራሮው ተሰብስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ጭራሮውን መምህሩ ራሱ ለስድሳው ልጅ ልስጥ ቢል፥ ሃምሳው ያለ ሥራ እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ጫጫታውም ከዚያ ይነሣል። በየረድፉ አንዳንድ ልጅ አስቀድሞ ተመርጦ ቢያድል ግን ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሁከት በአብዛኛው የሚወለደው በልጆች ክፋት አይደለም፤ በሥራና በሥራ መካከል ባለው ባዶ ጊዜ ነው። ክፍል ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ይህን ባዶ ጊዜ ዋዜማውን በዕቅዱ ላይ ፈልጎ ይዝጋው።

ሁለተኛው ብልሃት ጥያቄ የመጠየቅ ጥበብ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄው ለሁሉ ይቅረብ፤ ቀጥሎ ዝም ይባል፤ በመጨረሻ ስም ይጠራ። ስሙ አስቀድሞ ከተጠራ የቀሩት ልጆች ማሰብ ያቆማሉ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች፥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን፥ ሦስት ሴኮንድ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይታለች። ሦስት ሴኮንድ ዋጋ የለውም፤ ጠመኔም መጽሐፍም አይጠይቅም። ለጀማሪ ግን እንደ ሦስት ሰዓት ይረዝምበታል፤ ስለዚህ ልምምድ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የልጆቹን ስም ማወቅ ነው። «አንተ ከኋላ ያለኸው!» የተባለ ልጅ ነገሩ ለጎረቤቱ ሊመስለው ይችላል፤ በስሙ የተጠራ ግን መታወቁን ይረዳል። የመቀመጫውን ሥዕል በወረቀት አውጥቶ ስማቸውን በየቦታው የጻፈ እጩ በአንድ ሳምንት ብዙውን ያውቃል። ይኸው ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ጓደኛው ከኋላ ተቀምጦ ልጅ በተጠየቀ ቁጥር በስሙ አጠገብ ምልክት ቢያደርግ፥ ትምህርቱ ሲያበቃ ምልክቱ ሁሉ በፊትና በመካከል ረድፍ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል። በኋላ ረድፍ ያለችው፥ ውሃ ቀድታ ዘግይታ የደረሰችው ልጅ ግን ወሩን ሙሉ ሳትጠየቅ ትከርማለች። ያችን ልጅ ክፍሉ ጸጥ ስላለ ብቻ ተማረች ልንል አንችልም።

በጣና ዳር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀዘፋ በደረቅ መሬት አይለመድም። በዚያው ልክ ማንንም ጀማሪ በመጀመሪያ ቀን ወደ ጥልቁ የሚልከው የለም። በመምህርነትም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የማይክሮ ቲቺንግ ዘዴ ሐሳቡ ይኸው ነበር። እጩው ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ አንዲት ብልሃት ብቻ ተለማምዶ ይታረማል፤ ከዚያም እንደገና ያስተምራል።

የባሕር ዳር አካባቢ በዚህ ረገድ ታሪክ ያለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፥ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የሥነ ትምህርት አካዳሚ በባሕር ዳር ተቋቋመ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋራ የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። አካዳሚው በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ፥ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋራ ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሕዝቡ ግን ግቢውን እስከ ዛሬ «ፔዳ» ይለዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያም እጩዎች በትምህርት ቤት ተገኝተው የሚለማመዱበትን ጊዜ አብዝቶ ነበር።

ነገር ግን ጊዜውን ማብዛት ብቻውን አይበቃም። ልምምድ የሚፈይደው አጠገብ የሚያይና የሚያርም ሰው ሲኖር ነው። አንዳንድ ጊዜ እጩው ሲደርስ የክፍሉ መምህር እንደ ዕረፍት ቆጥሮ ክፍሉን ትቶለት ይወጣል። በዚያን ጊዜ ወጣቱ የሚማረው ማስተማርን ሳይሆን ቀኑን አሳልፎ ማምሸትን ነው። ልምጩም ወደ እጁ የሚገባው በዚያው ብቸኝነት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተለመደ ነገርም ለብዙ ዓመት ይከተለዋል። ስለዚህ ነባሩ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት እጩው ተቀምጦ እንዲመለከት፥ ቀጥሎ የትምህርቱን አንድ ክፍል ብቻ እንዲይዝ፥ ከዚያ በኋላ ሙሉውን እንዲያስተምር ያድርገው። የሚያርመውም በልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርቶ ይሁን። በልጆች ፊት የተገሠጸ መምህር ነገ በምን ፊቱ ያዝዛቸዋል?

እዚህ ላይ ነገሩ የመምህራን ብቻ አለመሆኑን ልናስተውል ይገባናል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች ከጠረጴዛችን ሆነን የዚያን ክፍል ዕድል እንወስናለን። የልምምድ ምደባ ደብዳቤ በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ፥ እጩው የሚደርሰው ለመመልከት በተመደበው ሳምንት ሳይሆን በፈተና ሳምንት ነው። የጉዞና የማደሪያ አበል ካልተከፈለው፥ መሸንቲ ሆኖ የነገውን ትምህርት በሚያዘጋጅበት ማታ የቤት ኪራይ ሲያሰላ ያመሻል። ነባሩ መምህር እጩ ለሚያሠለጥንበት ሰዓት የሥራ ቅናሽ ካልተደረገለት፥ ክፍሉን ትቶ መውጣቱን ብቻ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የጉዳዩን አጣዳፊነት ዘመኑ ራሱ ጨምሮበታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ በአንድ መቀመጫ ላይ ፊደል የለየና ያለየ፥ ስምንት ዓመት የሆነውና ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለውን ክፍል በጩኸትና በልምጭ የሚይዝ መምህር ከተመለሱት ልጆች መካከል የደከመውን መልሶ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ደረጃው ለተለያየ ልጅ የተለያየ ሥራ ሰጥቶ በአንድ ጣራ ሥር መምራት ግን የኔታ ያውቁት የነበረ፥ የዛሬውም እጩ ሊለምደው የሚችል ጥበብ ነው።

እንግዲህ የክፍል ጸጥታ ከወዴት ይመጣል ላልነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ በዋዜማው ከታሰረው ጭራሮ፥ በስሙ ከተጠራው ልጅ፥ ከጥያቄ በኋላ ከሚታገሡት ሦስት ሴኮንድ፥ ከእጩው አጠገብ ከማይለይ ነባር መምህር፥ በጊዜውም ከተፈረመ ደብዳቤ ይመጣል። የመጨረሻው ድርሻ የእኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነውና ነገ ጠዋት በየጠረጴዛችን ያለውን ፋይል ገልጠን እንይ።