የመጀመሪያው መም ይቅር ባይ ይሁን
(በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ከእኛ መካከል ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንኖር ጥቂቶች፣ ሰሞኑን ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ «ትራክ ዴይ» ሆኗል። የራስን መኪና ይዞ ወደ ውድድር መም መግባትና፣ ከማንም ጋር ሳይወዳደሩ ራስንና መኪናን መፈተሽ ማለት ነው። ሁሉም የሚጠይቀኝ «ለመጀመሪያ ቀን የትኛው ሰርኪት ይሻለኛል?» እያለ ነው። አዘጋጆቹም መልሱን እዚህ እንድናገር ጋበዙኝ። «ደብረ ታቦር ላይ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሰኝ፤ የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እኔ የገሳይ ልጅ ነኝ። በተመረቅኩ በዓመቱ የዘመድ ኮሮላ ተውሼ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር እመጣ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ነዳጁን ረገጥኩት። ዳገቱን ስጀምርም አልቀነስኩም። አንዱን ኩርባ ዞር ስል መንገዱን የሞላ ከብት፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ትንሽ እረኛ! በሁለት እግሬ ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ተንሸራቶ ሲቆም በልጁና በእኔ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልጁ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ዝም ብሎ አየኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም ነበር።

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ትራክ ዴይ ሲነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የልጁ ዓይን ነው። ለካ ፍጥነት የሚሞከርበት ቦታ ኖሯል! ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ ከብት የለም። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ይመደባል፤ አስተማሪ አጠገቡ ይቀመጣል። መቅደም የሚቻለው በተወሰነ ቀጥታ ላይ፣ ያውም የፊተኛው በእጁ እለፍ ብሎ ምልክት ሲሰጥ ነው። ባንዲራ ከተውለበለበ ሁሉም ይታዘዛል።

ታዲያ ጀማሪን የሚያታልለው የቦታ ዝና ነው። እኔም የተመኘሁት ጀርመን ያለውን ኑርቡርግሪንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ነው፤ ሰሜናዊው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት። በብዙ ቦታ የብረት አጥሩ ከአስፋልቱ ጥግ ላይ ነው። አንዱን ኩርባ አበላሽተህ «እንደገና ልሞክረው» ብትል ተመልሰህ እስክትደርስበት ሃያ ኪሎ ሜትር ትነዳለህ፤ እስከዚያ ምን እንዳጠፋህ ረስተኸዋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ባልደረባዬ ግን ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት ወሰደኝ። እዚያ ከአንድ በላይ መም አለ። ዋናው 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ 10 ኩርባዎች አሉት። ሸናንዶዋ የሚባለው ርዝመቱ ብዙም ሳይለይ 22 ኩርባዎች አሉት። ጄፈርሰን የሚባለው ደግሞ አጭር ነው። እኔ የጀመርኩት በአጭሩ ነው፤ ደግሜ ብጀምርም እሱኑ እመርጣለሁ።

ለምን? ለመምረጥ አምስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ከአስፋልቱ ውጭ ምን አለ? ብትስት የምትገባበት ሰፊ ሣር ካለ ጥሩ ነው፤ ግንብ ወይም ዛፍ ካለ ለሌላ ቀን ይቆይ። በአሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተሠሩ መሞች ብዙውን ጊዜ ሜዳና ገላጣ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ። ስመ ጥሩ ሲልቨርስቶንም መነሻው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ሜዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ኩርባዎቹን በግማሽ ቀን በቃል መያዝ ትችላለህ? አጭር መም ላይ ያንኑ ኩርባ በቀን ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ። ትምህርት ደግሞ በድግግሞሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊትህ ይታያል? ኮረብታ ጫፍ ላይ ወጥቶ ማዶው የማይታይ መንገድ ልምድ ላለው ነው። ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ውብ ቦታ ነው፤ ሙሉው ዙር 5.26 ኪሎ ሜትር ሆኖ ኮረብታውን ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ የሄድኩበት ግን ብዙ ከተማርኩ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ቀጥታው ምን ያህል ይረዝማል? መምህሮቼ ይመስክሩ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። በ60 የምትቆም መኪና በ120 ስትሆን ሌላ መኪና ናት። የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ዘይቱን ቀይሩ፣ የፍሬን ሸራውንና ጎማውን አሳዩ።

አምስተኛ፣ አዘጋጁ ማነው? የክፍል ትምህርት አለ? አስተማሪ ይመድባል? አምቡላንስ ቆሞ ይውላል? ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ ብዙው የተለመደ ውል መም ላይ የደረሰን ጉዳት አይከፍልም። ደግሞም አስታውሱ፣ ማታ ወደ ቤት የምትመለሱት በዚያችው መኪና ነው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ትዕቢት መጣብኝ፤ አንዱን ኩርባ በፍጥነት ገባሁትና ወጣሁ። መኪናዋ ሣሩ ላይ ተንሸራታ ቆመች። አስተማሪዬ ሽማግሌ ሰው ነው፤ መሪውን እንዴት እንደያዝኩ ጠየቀኝና «እሺ፣ ቀስ ብለህ ተመለስ» አለኝ። በቃ። ያው ጥፋት፣ ያው ሰው፤ እዚያ የጎማ ጭቃ ብቻ አተረፍኩ፤ እዚህ የሰው ልጅ ነፍስ ላጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ፣ ከዚያም ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደውን መንገድ በእነዚህ መለኪያዎች መዝኑት። ዳሩ ገደል ነው፤ የጉና ጉም ሲወርድ ፊት አይታይም፤ በገበያ ቀን ሰውና አህያ ይሞላዋል። አዲስ ደመወዝተኛ ሆነን መኪና ስንገዛ ግን ጉልበቷን የምንሞክረው እዚያው ላይ ነው፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እዚሁ አጠገባችን ጋፋት አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ከትናንሽ መድፎች ተነሥተው ነው ሴባስቶፖልን የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀመርም መንገዱ ፊት ፊት እየተጠረገ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። መንገዱ ሳይበጅ ግን መድፉ አልተነቃነቀም።

እኛም መም እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ዩኒቨርሲቲው በዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገላጣ ሜዳ ይፍቀድልን፤ ትራፊክ ፖሊስም ይገኝልን። ኮኖች ደርድረን አዲስ ነጂዎች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ በድንገት መቆምን፣ እንቅፋት ሸሽቶ መዞርን ይለማመዱ። ይሳሳቱ፤ ኮን ይግጩ። ኮን ቢወድቅ ይነሣል።

ኮኖቹን እኔ እገዛለሁ። የሚያግዘኝ ካለ ከምሳ በኋላ በር ላይ ያግኘኝ።