ድል ያደረገ መንግሥት የጠላቱን አገር ስለ ምን ያቀናል

ተማሪዎች ሆይ፤ ባለ ድል የሆነ ሠራዊት የጠላቱን አገር ዘርፎ መመለስ ሲቻለው እህል አስመጥቶ፤ ትምህርት ቤት አስከፍቶ ስለ ምን ይቀመጣል ቢሉ፤ የጃፓን ነገር ይመልሳል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሚዙሪ በተባለው የአሜሪካ መርከብ ላይ ጃፓን እጇን የሰጠችበት ውል ተፈረመ። ከዚያም እስከ አፕሪል 28 ቀን 1952 አገሪቱ በባለ ድሎቹ እጅ ነበረች፤ የበላይ አዛዡም እስከ 1951 ድረስ ጀኔራል ማክ አርተር ነበሩ።

በ1945 መጨረሻ የጃፓን ልጆች መምህሩ ገጹንና መስመሩን እየጠራላቸው፤ ጦርነትን የሚያወድሰውን ቃል ከገዛ መጽሐፋቸው በቀለም አጠቈሩት። አዲስ መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበርና። ትናንት በቃል ያስጠና የነበረ መምህር ዛሬ ደምስሱ ሲል የሕፃን ልብ እንዴት እንዲታወክ፤ ዳዊት በቃሉ የያዘ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ የደከሙት ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። በ1919 በቬርሳይ ውል በጀርመን ላይ ከባድ ካሳ ጭነው ነበር፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፤ ቂሙ እንደ ተዳፈነ ፍም ቈይቶ በ1939 ከፊተኛው የባሰ ጦርነት ተነሣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመሬቱ ነገር ነው። በጃፓን ከሚታረሰው መሬት እኩሌታ የሚያህለውን ጭሰኛ ያርሰው ነበር፤ ከሩዙም ብዙውን ለባለ መሬቱ ይገብር ነበር። የተራበ የገበሬ ልጅ የጦር አለቆችን ስብከት ፈጥኖ ይሰማል ብለው ባለ ድሎቹ አሰቡ። በ1946 በወጣው ሕግ መንግሥት በስፍራው የማይኖሩትን ባለ መሬቶች ርስት ገዝቶ ለሚያርሰው በትንሽ ዋጋ ሸጠ፤ በ1950 በጭሰኛ የሚታረሰው ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ሆነ። የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ ነበርና ባለ መሬቱ የተቀበለው ክፍያ ከንቱ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ለእርሱ ይህ ፍርድ መራራ ነበር።

ሴቶችም በ1946 ለምክር ቤት መረጡ፤ ተመረጡም። ከሜይ 3 ቀን 1947 ዠምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት ጃፓን ጦርነትን ለዘለዓለም እንደ ተወች ይናገራል። ሆኖም ነጻነትን የሚያስተምሩት ባለ ድሎች ጋዜጣውን ይመረምሩ ነበር፤ እነርሱን የሚነቅፍ ጽሕፈት አይታተምም። ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ፉክክር በበረታ ጊዜም አሜሪካ ከመቅጣት ይልቅ የጃፓንን ፋብሪካ ማቋቋም መረጠች፤ ወዳጅ ያስፈልጋት ነበርና።

በ1952 የሰላሙ ውል ሲጸና ሠራዊቱ ሁሉ አልወጣም፤ ኦኪናዋም እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ እጅ ቈየች።