የገና ጭራቅና የሦስት ብር ሳቅ

(ይህ ጽሑፍ በገና ሰሞን ቦሌ አካባቢ ለተሰባሰቡ የፊልም ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው፡፡ ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ፡፡)



ስለ ገና ፊልም ተናገር ስባል ደስ አለኝ፡፡ ስለ የትኛው የገና ፊልም እንደምናገር ስገልጽ ግን አዘጋጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፡፡ እኔ የመጣሁት ስለ መላእክትና ስለ ስጦታ ላወራ አይደለም፡፡ የበረዶ ሰው ነፍስ ስለሚያጠፋበት፣ የገና አባት መጥረቢያ ይዞ ሰው ስለሚያባርርበት፣ በትንሽ ገንዘብና በብዙ ቀይ ቀለም ስለሚሠራው ፊልም ነው የማወራችሁ፡፡ ፈረንጆቹ ሆረር ኮሜዲ ይሉታል፡፡ ሊያስፈራን ሲል ያስቀናል፤ ሊያስቀን ሲል ደግሞ አንዳንዴ ያሳፍረናል፡፡ ‹‹ለዚህ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል እንዴ?›› የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ገርጂ ነው፡፡ ዘመኑ 1992 ዓ.ም.፣ ዕለቱ የገና ዋዜማ፡፡ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ፡፡ ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት አላበቃም፡፡ ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነው፤ የመጨረሻው ደብዳቤ ከመጣ አራት ወር አልፏል፡፡ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርቱ ካለቀም በኋላ ታለቅሳለች፡፡ አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፡፡ ድሮም ወሬ አያበዛም፤ በዚያ ሰሞን ግን ጭራሽ ድምፁ ጠፋ፡፡ ዶሮው ተገዝቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ቤታችን ግን ለቅሶ ቤት ይመስላል፡፡

አባቴ ምን እንደነካው እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ እጄን ይዞ ወደ ሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ወሰደኝ፡፡ ያኔ ለበዓል ዴክ መከራየት የተለመደ ነበር፡፡ ‹‹ለልጆች የሚሆን የገና ፊልም ስጠን›› አለው ባለቤቱን፡፡ ሰውየውም ‹‹ጃክ ፍሮስት የሚባል አለ፤ የበረዶ ሰውዬ ነው፣ ከልጆች ጋር የሚጫወት›› ብሎ ሰጠን፡፡ ለካሴቱ ሦስት ብር ከፈልን፡፡

ሰውየውን አልወቅሰውም፡፡ ጃክ ፍሮስት የሚባሉ ሁለት ፊልሞች አሉ፡፡ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ነው፤ ማይክል ኪተን የሚሠራበት፣ የሞተ አባት የበረዶ ሰው ሆኖ ወደ ልጁ የሚመለስበት የቤተሰብ ፊልም፡፡ ሌላው ከአንድ ዓመት በፊት በቀጥታ በቪዲዮ የወጣው የማይክል ኩኒ ፊልም ነው፡፡ በዚህኛው፣ ሞት የተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ወደ መገደያው ሲወሰድ የጫነው መኪና ኬሚካል ከያዘ መኪና ጋር ይጋጫል፤ ሰውየው ከበረዶው ጋር ይዋሃድና ሰው የሚፈጅ የበረዶ ሰው ሆኖ ይነሣል፡፡ የኦርጅናሉ ካሴት ሽፋን ዘንበል ቀና ሲያደርጉት ፈገግ ያለው የበረዶ ሰው ወደ አውሬነት የሚለወጥበት ሥዕል ነበረው፡፡ የእኛ ግን ኮፒ ነው፡፡ ሽፋን የለው፣ ምን የለው፤ በእስክሪብቶ ‹‹ጃክ›› የሚል ብቻ ተጽፎበታል፡፡

ማታ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፡፡ እንግሊዝኛ ይችላል የተባለ አንድ የሰፈር ልጅ አስተርጓሚ ሆነ፤ የገባውን ይተረጉማል፣ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል፡፡ የመጀመሪያው ሰው ሲገደል እናቶች ዓይናችንን ሸፈኑ፡፡ ‹‹ምን ጉድ ነው ያመጣህብን?›› የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፡፡ አባቴ ካሴቱን ሊያወጣ ሲነሣ ጭራቁ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታየ፡፡ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አተኩረው አዩትና ‹‹ይኼ ፍራሽ ነው እንዴ?›› አሉ፡፡ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፡፡ አባቴም ተመልሶ ተቀመጠ፡፡

ከዚያ በኋላ የመጣውን ትዕይንት እስከ ዛሬ አልረሳውም፡፡ በፊልሙ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ ትንሽ ልጅ ለአባቱ የአጃ ገንፎ ሠርቶለታል፡፡ አባቴ እንዳይበርደው ብሎም አንቲፍሪዝ ጨምሮበታል፡፡ አዎ፣ ብርድ አገር ራዲያተር ውስጥ ውኃው እንዳይረጋ የሚጨመረውን መርዝ! አባትየው ሳይበላው ጭራቁ ይመጣበታል፤ ገንፎውን ሲወረውርበት የጭራቁ ፊት ይቀልጣል፡፡ አስተርጓሚያችን ቃሉን አላወቀውም፡፡ ያወቀው መካኒኩ አባቴ ነው፡፡ ‹‹አንቲፍሪዝ ነው! ይኼ ልጅ አባቱን በፍቅር ሊገድለው ነበር!›› ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፡፡ እናቴ ምን መጣ ብላ ከማድ ቤት ሮጣ ወጣች፡፡ በቤታችን ሳቅ ከተሰማ ስንት ወሩ ነበር!

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የእነዚህ ፊልሞች ውበት የት ላይ ነው ብትሉኝ መልሴ ከዚያች ማታ ይነሣል፡፡

አንደኛ፣ ትንሽ ፍርሃት ትልቁን ፍርሃት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያስረሳል፡፡ ስሙን ልንጠራው የማንደፍረው ፍርሃት ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፡፡ የስፖንጁ ጭራቅ ግን ሊሸነፍ የሚችል ጭራቅ ነው፤ ገንፎ ይበቃዋል፡፡

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ጎደሎ በመሆኑ ተመልካቹ ይሞላዋል፡፡ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ፊልም አፋችንን አስከፍቶ ዝም ያሰኘናል፡፡ የድሃው ፊልም ግን ያስወራናል፡፡ አስተርጓሚው ይጨምራል፣ አሮጊቷ ይተቻሉ፣ መካኒኩ ያስረዳል፡፡ ከሳቁ ግማሽ የሚሆነው የተሠራው አሜሪካ ሳይሆን ገርጂ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ የበዓል ሰሞን ሁሉም ሰው ደስተኛ ነኝ ማለት ይጠበቅበታል፡፡ ኪሱ የተራቆተው ሳይቀር፡፡ እነዚህ ፊልሞች ይህን ማስመሰል ይሰነጥቁታል፡፡ የእኛስ ገና ቢሆን? በገና ጨዋታ ላይ ጌታ በሎሌው መቆጣት እንደማይፈቀድለት ከአባቶቻችን ሰምተናል፡፡ ዱላ ይዞ ሩሩን የሚያሳድድ ድሃ ለአንድ ቀን ከባለጠጋው እኩል ነው፡፡ በሌላው ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ሰው በዚያ ቀን ይስቅበታል፡፡ የበዓል ሆረር ኮሜዲም በጥሩነቱ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ የተከበረውን ሁሉ ለአንድ ምሽት ወደ ታች ያወርደዋል፡፡

ይህን የሚወድ ብቻ ሳይሆን የሚቆጣም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይለንት ናይት ዴድሊ ናይት የተባለ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ወጣ፡፡ ነፍሰ ገዳዩ የገና አባት ልብስ የለበሰ ነው፡፡ ማስታወቂያውን ያዩ ወላጆች በየሲኒማ ቤቱ በር ሰልፍ ወጡ፤ አከፋፋዩ ኩባንያም ብዙም ሳይቆይ ፊልሙን ሰበሰበው፡፡ በዚያው ዓመት የወጣው የጆ ዳንቴ ግሬምሊንስ፣ ለገና በስጦታ የመጣ እንስሳ የሚያመጣውን ጥፋት የሚያሳየው፣ ለልጆች ይከብዳል ተብሎ ብዙ ተወቀሰ፡፡ በእሱና በአንድ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ሰበብ አሜሪካኖቹ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ወላጆች እንዲያስቡባቸው የሚያስጠነቅቅ አዲስ የደረጃ ምልክት አወጡ፡፡ ማገድና ማስጠንቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በሉ፡፡ አባቴ ያን ማታ ያስፈለገው ማስጠንቀቂያ እንጂ እገዳ አልነበረም፡፡ የተሰበሰበው ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ አራት ተከታዮች ወጥተውለታል፡፡

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ወድጄዋለሁና አልሸፋፍንለትም፡፡

ብዙዎቹ አንድ ቀልድ ብቻ ይዘው ይነሣሉ፡፡ ቀልዱ ርዕሱ ላይ አልቋል፤ የቀረው ሰዓት ማስታመሚያ ነው፡፡ የሳይለንት ናይት ሁለተኛው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ ግማሽ ያህሉን የሚሞላው ከመጀመሪያው ፊልም በተቆረጠ ምስል ነው፡፡ የትናንቱን ወጥ አሙቆ እንደ አዲስ መሸጥ ይሏል ይህ ነው፡፡ ጃክ ፍሮስትም እ.ኤ.አ. በ2000 ተከታይ ወጣለት፤ የበረዶ ሰውየውን ሞቃት ደሴት ላይ ወሰዱት፡፡ ወደ ቦሌ ማምጣት ብቻ ነው የቀራቸው፡፡

ከዚህ የሚብሰው ጭካኔውን በሴት ልጅ ላይ አድርገው ሳቁልን ማለታቸው ነው፡፡ በዚያው በጃክ ፍሮስት ውስጥ ጭራቁ ገላዋን የምትታጠብ ወጣት የሚያጠቃበት ትዕይንት አለ፡፡ እንደ ቀልድ ነው የቀረበው፡፡ እኛ ቤት ግን የሳቀ አልነበረም፡፡ አባቴ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ካሴቱን ወደፊት አጠነጠነው፡፡ ከዚያ የተሻለ የፊልም ሂስ አላነበብኩም፡፡

‹‹ገንዘብ ቢኖራቸው ጥሩ ይሠሩ ነበር›› የሚለው መከላከያም አያስኬድም፡፡ ቦብ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ካናዳ ውስጥ ብላክ ክሪስማስን የሠራው በአነስተኛ ገንዘብ ነው፡፡ ጭራቅ አላሠራም፣ ስፖንጅ አልገዛም፡፡ ስልክ ጮኸ፣ ካሜራው በገዳዩ ዓይን አየ፣ በቃ! ሰው እስከ ዛሬ ይፈራዋል፤ በመሐሉም ያስቃል፡፡ የገንዘብ ድህነት ይቅር ይባላል፡፡ የሐሳብ ስንፍና ግን የተመልካቹን ገንዘብ መብላት ነው፡፡

ይህን ስል ወደ ራሳችን ቤት ማየቴ አይቀርም፡፡ የቪዲዮ ካሜራ ካመጣው የአማርኛ ፊልም ጎርፍ ወዲህ በፍቅርና በኮሜዲ ሠልጥነናል፡፡ ሆረር ግን ብርቅ ነው፣ የገና ሆረር ኮሜዲማ ከናካቴው፡፡ ቅርብ የምለው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ክራምብስን ነው፡፡ ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ቢሆንም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በአማርኛ የሠሩበት የ68 ደቂቃ ፊልም ነው፡፡ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ጊዜ ሲያሳይ ከተማ ሠርቶ አላፈረሰም፤ ዳሎልን ቀረጸ፡፡ ጀግናው በመንገዱ ከሚያጋጥሙት አንዱ የገና አባት ነው፡፡ በትንሽ ገንዘብ፣ ባለው ነገር!

እኛ ግን ገና ሲመጣ ጥጥ እንገዛለን፡፡ ቦሌ መንገድ ውጡና እዩ፡፡ በጠራራ ፀሐይ ፕላስቲክ ዛፍ ላይ ጥጥ ተነስንሷል፣ በረዶ መሆኑ ነው፡፡ ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ በር ላይ የገና አባት የለበሰ ወጣት ጢሙን አገጩ ሥር አውርዶ ከጀበና ቡና ሲጠጣ አየሁ፡፡ ከእናቱ ጋር የሚያልፍ ሕፃን አይቶት በድንጋጤ ጮኸ፡፡ ወጣቱ ደንግጦ ሊያባብለው ሲጠጋ ሕፃኑ ባሰበት፡፡ ሆረር ኮሜዲ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ካሜራ የያዘ ሰው ብቻ ነው የጠፋው፡፡

ደግሞስ የሚያስፈራ ነገር አጥተን ነው? የበዓል ዋዜማ በየግቢው ቢላ የሚሳልባት ከተማ ናት ይህቺ፡፡ ሾላ ገበያ በግ እየተጎተተ ይወጣል፡፡ የፈረንጅ ልጅ በገና ሌሊት ቢላ የያዘ አባት ቢያይ ይሸሻል፤ እኛ ቢላ የያዘውን አባታችንን እየተሻማን የምንከተል ልጆች ነበርን፡፡ ጭራቅ አለን፣ አያ ጅቦ አለን፣ በዓል ሲደርስ ኪራይ የሚጨምር አከራይ አለን፡፡ ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ2010 ሬር ኤክስፖርትስን ሲሠሩ የኮካ ኮላውን የገና አባት ትተው በአገራቸው ተረት ያለውን አስፈሪውን ሽማግሌ ነው ከመሬት ቆፍረው ያወጡት፡፡ እኛም ጥጡን ትተን ጭራቃችንን ብንጠራው ምን ይለናል?

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፡፡ ዛሬ ፊልም የምናየው በየስልካችን፣ ለየብቻችን ነው፡፡ ብቻውን ለሚያይ ሰው ስፖንጁ ስፖንጅ ብቻ ነው፡፡ ‹‹ይኼ ፍራሽ ነው እንዴ?›› የሚሉት አሮጊት አጠገቡ የሉም፡፡ እንዲህ ያለውን ፊልም ለብቻ ማየት የዶሮ ወጥ ለብቻ እንደመብላት ነው፡፡ ይጠግቡ ይሆናል፣ በዓል ግን አይሆንም፡፡

ልጨርስ፡፡ ወንድሜ በ1993 ዓ.ም. በሕይወት ተመለሰ፡፡ ቤት በገባ በማግሥቱ እናቴ ትኩስ አጥሚት ስታቀርብለት አባቴ ‹‹እንዳይበርደው አንቲፍሪዝ ጨምሪበት›› አለ፡፡ ሁላችንም ሳቅን፤ ወንድሜ ግን ግራ ገባው፡፡ ፊልሙን ልናሳየው ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሮጥኩ፡፡ ሰውየው ካሴቱ ላይ የሕንድ ፊልም ቀድቶበት አገኘሁት፡፡ ባዶ እጄን ስመለስ አባቴ፣ ያ ወሬ የማያበዛው ሰው፣ ነጠላ ራሱ ላይ ጠምጥሞ መሐል ቤት ቆመና ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠራው፡፡ ጭራቁንም እሱ፣ ፖሊሱንም እሱ፣ ልጁንም እሱ ሆኖ፡፡ ገላ መታጠቢያው ትዕይንት ላይ አልደረሰም፤ ዘለለው፡፡

ወንድሜ ያን ጠዋት ከሁላችን አብልጦ ሳቀ፡፡ ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ አላየውም፡፡ አይተህ ንገረኝ ብለውም እምቢ ይላል፤ የአባታችንን ያህል አያስቅም ብሎ ይፈራል፡፡

 መልካም ገና!